ብቅል ቤት

ባለፈው ወር እናቴ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ፤ የአያቴ ማድ ቤት። ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል፣ ቆርቆሮው ዝጓል። «ልናፈርሰው ነው፤ የሚከራይ ክፍል እንሠራበታለን» ትላለች።

አያቴ የጠላ ብቅል የምታበቅለው እዚያ ነበር። ገብሱን ትዘፈዝፋለች፣ በኮባ ሸፍና ታቆየዋለች፣ ሲያጎነቁል ታሰጣዋለች። ስጡን ከዶሮ የምጠብቀው እኔ ነኝ።

የሚገርመው፣ ፎቶው ሲደርሰኝ የቆምኩት ብቅል ቤት ደጃፍ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ፣ ሰፎክ፣ ስኔፕ የሚባል መንደር። ጓደኛዬ ኮንሰርት ጋብዛኝ ነበር።

ስኔፕ ሞልቲንግስን ኒውሰን ጋሬት የተባለ ነጋዴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአልድ ወንዝ ዳር አቋቋመው። ሥራው ያው የአያቴ ሥራ ነው፣ መጠኑ ይግዘፍ እንጂ። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ሰፊ ወለል ላይ ይዘረጋል፣ እንዳይግልና እንዳይያያዝ በአካፋ ይገላበጣል። አያቴ ፀሐይ ነበራት፤ እነሱ በእሳት ያደርቁታል። ጣሪያው ላይ ጉብ ጉብ ያሉት አየር መውጫዎች እንፋሎቱን ለማስወጣት የተሠሩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራው ቆመ። የሙዚቃ ደራሲው ቤንጃሚን ብሪተን ለፌስቲቫሉ ቦታ ይፈልግ ስለነበር፣ ትልቁ ብቅል ቤት በ1967 የኮንሰርት አዳራሽ ሆኖ ተከፈተ። በ1969 ተቃጠለ፤ በዓመቱ እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ። ዛሬም ጣሪያው ላይ አራት አየር መውጫዎች አሉ። አሁን የሚያስወጡት የአድማጭ ትንፋሽ ነው።

ውስጥ ተቀምጬ ደጋግሜ አሸተትኩ። ብቅል ብቅል የሚል ነገር የለም። ትንሽ ከፋኝ። ግን ሰው ባይገባበት ኖሮ ግድግዳውም አይኖርም ነበር።

ማታ ደወልኩ። «እማዬ፣ እሱ ቤት እኮ ቅርስ ነው!»

«አንቺ እዚያ ሆነሽ ቅርስ ትያለሽ፤ እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር ቆርቆሮ እደፍናለሁ።»

ምን ልበል? እውነቷን ነው።

«እሺ፣ ይከራይ። ግን ግድግዳው ይቆይ፣ ጣሪያው ብቻ ይቀየር። ብሩን እኔ አዋጣለሁ።»

«ጥላሸቱንስ ማን ይጠርገዋል?»

«እኔ። ለፋሲካ ስመጣ።»

ዝም አለች። «እንግዲህ እስከ ፋሲካ» አለች በመጨረሻ።

ከመዝጋቴ በፊት ጠየቅኳት፦ «ብቅሉ በኮባ ስንት ቀን ነው የሚቆየው?»

ሳቀች። «በቀን አይቆጠርም። እጅሽን ሰደድ አድርገሽ ታይዋለሽ።»