የመርከብ ላይ ተማሪ ስንቅ

በአገራችን ልማድ መንገደኛ ሲነሣ አስቀድሞ ስንቁ ይሰናዳል፤ ስንቁም በመንገዱ ርዝመት ይመጠናል። ለጥቂት ቀን የሚሄድ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃዋል፤ ለሚቈይ ደግሞ በሶና ድርቆሽ ይጨመርለታል። ነገር ግን ነጋዴም መርከበኛም ሳይሆን፥ መጻሕፍቱን ይዞ አንድ መቶ ቀን ያህል በውሃ ላይ ለሚሰነብት ተማሪ ምን እንደሚሰነቅለት ከአባቶቻችን የሰማነው ነገር የለም። ይህን ለመማር የተገደድነው በ2018 ክረምት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የምንኖረው በአሜሪካ፥ በኮሎራዶ ግዛት፥ አውሮራ በምትባለው ከተማ ነው። ኮሎራዶ እንደ አገራችን ደጋ ተራራ የበዛበት፥ ባሕር ግን የማይደርስበት ምድር ነው። በዚህች ከተማ ከሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ጋራ ተሰብስበን ስንጫወት ስለ በረዶው፥ ስለ ቤት ኪራይ፥ አማርኛ ስለሚጠፋባቸው ልጆቻችን እናወራለን እንጂ የባሕርን ነገር የሚያነሣ ሰው አይገኝም። በእኛ ቤት ደግሞ ይህን ነገር የማናነሣበት ሌላ ምክንያት ነበረ፤ በቦታው እንደርስበታለን።

በግንቦት ወር አንድ ቀን ማታ፥ ሃያ ዓመት የሞላት ልጃችን ከኮሌጅዋ መጥታ አንድ እሽግ ወረቀት ከፊታችን ዘረጋች። በመጪው መስከረም ከጀርመን አገር፥ ከሀምቡርግ ወደብ፥ ተማሪዎችን አሳፍሮ የሚነሣ መርከብ አለ፤ መርከቡም በጋና፥ በደቡብ አፍሪካ፥ በሞሪሸስ፥ በህንድ፥ በቬትናምና በጃፓን በኩል ዞሮ በዓመቱ መጨረሻ ሳን ዲዬጎ ይደርሳል። በመርከቡ ላይ የተማረችው ሁሉ እንደ ማንኛውም የኮሌጅ መንፈቅ ዓመት ይቈጠርላታል። እናትዋ ወረቀቱን አየት አድርጋ «ቡናው ይበርዳል» አለችና ተነሣች። በዚያ ማታ ስለ ነገሩ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

እኛ በበኩላችን ሀብታሞች ለልጆቻቸው ያሰናዱት ሽርሽር ትምህርት የሚል ስም ወጥቶለት ይሆናል ብለን ጠረጠርን። ስናነብ ግን አሳቡ ዕድሜ ያለው ሆኖ አገኘነው። በ1926 በመስከረም ወር፥ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ መምህር በነበሩት በጄምስ ላፍ አደራጅነት፥ አምስት መቶ ያህል ተማሪዎች ሪንዳም በምትባል መርከብ ተሳፍረው ከኒው ጀርሲ ተነሡ፤ ዓለምንም ዞረው በ1927 የጸደይ ወራት ተመለሱ። ከዚያ ብዙ ዘመን ቈይቶ የሆንግ ኮንጉ ባለመርከብ ቱንግ ቻኦ ዩንግ ኵዊን ኤልሳቤጥ የተባለችውን ታላቅ የእንግሊዝ መርከብ በ1970 ገዝተው፥ ተንሳፋፊ ዩኒቨርሲቲ ሊያደርጓት ሲያሳድሷት ሳለ በ1972 መባቻ በሆንግ ኮንግ ወደብ ላይ ተቃጠለች። ሰውየው ግን አሳባቸውን አልተዉም፤ በሌላ መርከብ ፈጸሙት። ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ለእናትዋ አልነገርናትም።

ደግሞስ መርከብና ትምህርት ለእኛ እንግዳ ናቸውን? ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ለትምህርት ወደ አውሮፓ የተላኩት ወጣቶቻችን እስከ ጅቡቲ በባቡር፥ ከጅቡቲም በመርከብ ነበረ የሚጓዙት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1931 ጃፓን የደረሱት ባሕር ተሻግረው ነው፤ ያዩትንም በመጽሐፍ ጽፈው ትተውልናል። ለእነዚያ መርከቡ ወደ ትምህርት የሚያደርስ መንገድ ነበረ፤ ለልጃችን መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ሊሆንላት ነው።

አኗኗሩን ስትነግረን በጣም ያስገረመን ስለ ጊዜ ያለው ሥርዐት ነው። መርከቡ በባሕር ላይ እስካለ ድረስ ቅዳሜና እሑድ ሳይለይ ይማራሉ፤ ወደብ ሲደርስ ግን ክፍሉ ይዘጋና ተማሪው ወደ ከተማ ይወጣል። ለእያንዳንዱም ትምህርት ከወደቦቹ በአንዱ፥ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ወጥቶ በዓይን የሚያስተምርበት ቀን ተመድቦለታል። መርከቡ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ በየጥቂቱ ሌሊት ሰዓቱ ወደ ፊት ስለሚገፋ ተማሪው ከእንቅልፉ ይቀነስበታል። ከጃፓን ወደ አሜሪካ ሲሻገር ደግሞ የቀን መለወጫውን መስመር ያልፋልና አንዱ ቀን ተመልሶ ሁለተኛ ይሆናል። «ያን ቀን ሁለት ጊዜ ትጾሚያለሽ» ብለን ቀለድንባት። እናትዋ አልሳቀችም።

ክፍያው ቀላል አይደለም። ከተሰጣት የትምህርት ርዳታ የጐደለውን በዚያ ወር በደረሰን ዕቁብ ሞላነው፤ በዕቁቡም ልንገዛ ያሰብነው መኪና ቀረ። ከዚያ በኋላ የወረቀቱ ሥራ ተጀመረ። ፓስፖርቱ ከጕዞው ፍጻሜ በኋላ ስድስት ወር የሚሠራ፥ ለማኅተም የሚሆን ባዶ ገጽም የተረፈው መሆን አለበት። ለጋና፥ ለህንድና ለቬትናም ቪዛ ይጠየቃል። ጋና ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ግዴታ ነው፤ ክትባቱም ከመድረሷ ቢያንስ ዐሥር ቀን አስቀድሞ ተወግቶ በቢጫይቱ ደብተር መጻፍ ይኖርበታል። ይህ የምስክር ወረቀት በፊት በየዐሥር ዓመቱ ይታደስ ነበረ፤ ከ2016 ወዲህ ግን ለዕድሜ ልክ ይሠራል። የወባውም ክኒን ለብቻው አለ። ለባሕር ሕመም ሐኪሙ ከጆሮ ኋላ የሚለጠፍ መድኀኒት አዘዘላት፤ እናትዋ ደግሞ ዝንጅብል ደርቆ እንዲሰነቅላት አዘዘች፤ ሐኪሙም ቢሆን ዝንጅብሉን አልነቀፈም። የመኝታ ክፍል ሲመረጥ ከመርከቡ ወገብ፥ ያውም ዝቅ ካለው ፎቅ ቢሆን እንደሚሻል ተማርን፤ መርከብ ሲናወጥ የሚነሡትና የሚወድቁት ሁለቱ ጫፎቹ ናቸውና ወገቡ ብዙ አይንቀሳቀስም።

እናትዋ ስለ ጕዞው አንዳች ሳትናገር ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ቆሎ መቍላት ጀመረች። ዳቦ ቆሎው ተጠበሰ፤ ጭኮው ተለወሰ፤ በርበሬና ሽሮ በየከረጢቱ ታሸገ። የመርከቡ መመሪያ ግን እሳት ወይም ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ፥ ምድጃም ሆነ የውሃ ማፍያ፥ ካውያም ሆነ ሻማ፥ በመኝታ ክፍል እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ሽሮው ቀረ፤ ዕጣኑም ቀረ። ጀበናው ግን በልብስ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። «እሳት በሌለበት ጀበና ምን ያደርጋል?» ብለን ብንጠይቃት «ትየው» ብላ ሻንጣውን ዘጋችው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ጠየቀች፤ «ዋና ሳትማር አትሄድም» አለች። ልጃችን በደረቅ አገር ያደገች ስለ ሆነች ውሃ ውስጥ መቆም እንጂ መዋኘት አታውቅም ነበረ። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ማታ ወደ ከተማው መዋኛ እንወስዳት ጀመር። እናትዋ ከመዋኛው ዳር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጣለች፤ ዓይንዋንም ከውሃው አታነሣም። ልጂቱ ራስዋን ባጠለቀች ቍጥር የእናትዋ እጅ የነጠላውን ጫፍ ሲጨብጥ እናያለን። አሠልጣኙ ወጣት ወደ እኛ መጥቶ፥ ከመርከብ ላይ ውቅያኖስ ለወደቀ ሰው ዋና ማወቅ ብዙ እንደማይረዳው በቅንነት ሊያስረዳን ሞከረ። እናትዋ «ምን አለ?» ብላ ስትጠይቀን፥ ጐበዝ ተማሪ ናት ይላል አልናት።

በሐምሌ መጨረሻ የደኅንነት መመሪያው መጣ። እኛም እናትዋን ያጽናናት መስሎን፥ ከራት በኋላ ወደ አማርኛ እየመለስን ጮኽ ብለን እናነብላት ጀመር። ታይታኒክ በ1912 ከሰጠመች በኋላ መንግሥታት በ1914 በባሕር ላይ ስላለ ሕይወት ደኅንነት ውል ተዋውለዋል፤ ውሉም ብዙ ጊዜ እየታደሰ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚያ መሠረት ተሳፋሪው ሁሉ መርከቡ ሳይነሣ ወይም ወዲያው እንደ ተነሣ የአደጋ ልምምድ ያደርጋል። ጡሩምባው ሰባት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ፥ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ሲነፋ፥ እያንዳንዱ ሰው የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ ለብሶ ከተመደበለት ስፍራ ይቆማል። ሰደርያው ለያንዳንዱ ሰው አለ፤ ትርፍም ይቀመጣል። የሁሉም ስም በመዝገብ ስለ ተጻፈ አንድ እንኳ ቢጐድል ይታወቃል።

እዚህ ላይ ስንደርስ እናትዋ «የእርሱን ስም ማን መዘገበው?» አለች።

«የማንን?» አለች ልጃችን።

ከዚህ በኋላ መሸሸግ አልተቻለም። የእናትዋ ታናሽ ወንድም በ2008፥ ሃያ አራት ዓመት ሲሆነው፥ ሥራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ዐረብያ ለመሻገር ከአዲስ አበባ ወጣ። ደላሎች በሶማሊያ በኩል አሳልፈው ቦሳሶ ከምትባለው ወደብ አደረሱት፤ ከዚያም ከብዙ ሰዎች ጋራ በአንዲት ጀልባ ታጭቆ ወደ የመን ተነሣ። አብሮት የነበረ አንድ ልጅ ከወራት በኋላ በስልክ የነገረን ይህን ነው፤ ጀልባይቱ ዳርቻው ከመድረስዋ በፊት ባለጀልባዎቹ የጠረፍ ጠባቂዎችን ፈርተው፥ በጨለማ፥ ሰዎቹን ወደ ውሃ እንዲዘሉ አስገደዷቸው፤ ውሃውም ከቁመት በላይ ነበረ፤ ሲዘል አይቶታል፥ ሲወጣ ግን አላየውም። በዚያ ዘመን በኤደን ባሕረ ሰላጤ እንዲህ ያለው ሞት በብዙ ሰው ቤት ገብቷል።

እኛ ግን ሞት ብለን አልጠራነውም። ሬሳ አልተገኘም፤ «አላየሁትም» ያለ እንጂ «ሞቷል» ብሎ የማለልን ሰው አልነበረም። እናቱ በሕይወት እስካሉ ድረስ «ዐረብ አገር ነው፤ ስልክ አይመቸውም» እያልናቸው ኖርን። ልጃችንም ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረችና የሰማችው ይህንኑ ነው። ለቅሶ ሳንቀመጥ፥ እርማችንን ሳናወጣ፥ በ2011 ዲቪ ደርሶን ወደ አሜሪካ መጣን። አሮጊቲቱ ካረፉ በኋላ እንኳ ውሸቱን የሚያፈርሰው ጠፍቶ እንደ ቆመ ቀረ። ስንደብቅ የኖርነው ለልጂቱ ብለን ይመስለን ነበረ።

ልጃችን ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቈየችና ካርታ አምጥታ ከገበታው ላይ ዘረጋች። «የቱ ጋ ነው?» አለች። ቦሳሶን በጣታችን አሳየናት። ከሞሪሸስ ወደ ህንድ የምትሻገርበት መስመር ከዚያ ዳርቻ በምሥራቅ በኩል እጅግ ርቆ ያልፋል፤ በጣት ሲለካ ግን ከቡና ስኒ አፍ አይሰፋም። እናትዋ ያን ቦታ በመዳፍዋ ከደነችው።

«እማዬ፥ ብቀር ይሻልሻል?»

እውነቱን ለመናገር፥ እኛ በልባችን «አዎን» እንድትል ተመኝተን ነበረ። መኪናውም ይገዛል፥ ልጂቱም አጠገባችን ትሆናለች። እናትዋ መልስ ሳትሰጥ ስኒዎቹን አነሣች፤ አጠበች፤ ረከቦቱ ላይ ደረደረች። ከዚያ መጥታ ተቀመጠችና «አይሻለኝም» አለች። «እርሱ ተደብቆ ሄደ። አንቺ በስምሽ ሂጂ።»

ልጃችን የአጎትዋን ፎቶግራፍ ይዛ ለመሄድ ለመነች። ይህን ግን እናትዋ ፈጽሞ እንቢ አለች፤ «እርሱን ሁለተኛ ባሕር አላስገባውም» አለች። ፎቶግራፉ በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ የነበረው በዚያ ሳምንት ወጥቶ በግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ለሚመጣውም እንግዳ ማን እንደ ሆነ መናገር ጀመርን።

የቀረ አንድ ቅጽ ነበረ። ከግንቦት ጀምሮ የማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ሌሎቹ ሁሉ ተሞልተው ሲላኩ ይኸኛውን ማናችንም አልነካነውም ነበረ። ርእሱ «አደጋ ቢደርስ የሚነገረው ሰው» ይላል፤ ቦታውም ለሁለት ሰው ብቻ ነው። በማግሥቱ ጧት እናትዋ መነጽርዋን አድርጋ፥ ብዕር ይዛ፥ ተቀመጠች። በመጀመሪያ የራስዋን ስም፥ ቀጥላም የእኛን ጻፈች። ቦታው ሲያልቅባት በኅዳጉ ላይ የሥራ ቦታዋን ስልክ፥ የጐረቤታችንን ስልክ፥ የልጂቱን የክርስትና እናት ስልክ አስከተለች።

«እማዬ፥ ሁለት ብቻ ነው የሚቀበሉት» አለቻት ልጃችን።

«እነርሱ ሁለት ይቀበሉ፤ እኔ የማውቀውን ልጻፍ» አለችና ወረቀቱን ገልብጣ፥ በጀርባው አዲስ አበባ ያለችውን የእኅትዋን ስም ጀመረች።