«ይመስላል» እና «ይመስለዋል»

የቦሌ ሰው ስለ ዝናብ በእርግጠኝነት አይናገርም። ገርጂ ወይም ሰሚት ላይ ሆኖ ወደ የረር ተራራ አሻግሮ ያያል፤ ሰማዩ ጠቁሮ ካገኘው «ዝናብ የሚመጣ ይመስላል» ይልና የተሰጣውን ልብስ ማስገባት ይጀምራል። ዝናቡም አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አያት ላይ ወርዶ ይቀራል። «ይመስላል» ያለን ሰው ግን ዋሸህ የሚለው የለም።

ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ኮሪያዊ «ፒጋ ኦል ገት ካትታ» ይላታል። «ፒ» ዝናብ ናት፤ «ጋ» ባለቤቱን የምታሳይ ቅጥያ። «ኦል» የሚመጣ፣ «ገት» ነገር ማለት ነው። «ካትታ» ደግሞ አንድ ዓይነት ሆነ፣ መሰለ። እንግዲህ አንባቢዬ ቃላቱን ሳያፈናቅል እንዳሉ በአማርኛ ይደርድራቸው፤ «ዝናብ የሚመጣ (ነገር) ይመስላል»! ዝናቡን እንኳ እነሱም እንደ እኛ «መጣ» ነው የሚሉት። በሁለቱም ቋንቋ መልክ ለመልክ መመሳሰልን የሚናገረው ግስ፣ ግምትንም የሚሸከመው እሱው ነው። ዘመድ ሳይሆኑ እንዲህ መገጣጠማቸው ይገርመኛል።

ይህን ያወቅሁት ከእህቴ ልጅ ነው። ገርጂ ውስጥ፣ ሰዉ ኮሪያ ሆስፒታል እያለ ከሚጠራው በ1990ዎቹ ከተከፈተው ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ ነው ያደገችው። ቋንቋውን የጀመረችው በተከታታይ ፊልም ነው፤ በኋላ መጽሐፍ ገዛች፣ አስተማሪም አገኘች። ደብተሯን ሳገላብጥ የኮሪያውን ድምፅ በላቲን ፊደል ሳይሆን በእኛው እንደምትጽፍ አየሁ። ልክ ናት። ላቲን ሁለት ሁለት ፊደል የሚያስወጣባቸውን ሁለት አናባቢዎች የእኛ ግዕዝና ሳድስ ያለ ብዙ ችግር ይይዟቸዋል።

ኮሪያዎች ለ«ይመስላል» አንድ መንገድ ብቻ አይደለም ያላቸው። በዓይን ለታየ ነገር «ፖይዳ» አለ፤ መታየት ማለት ነው። ፊትህ ከከሳ «ፒጎንሄ ፖየዮ» ይሉሃል፤ «ደክሞህ ይታያል» እንደ ማለት። ከምልክት ተነስቶ ለሚደመድም ደግሞ «ና ፖዳ» አለ። ጃንጥላ የያዘ ሰው ሲገባ አይተህ «ፒጋ ኦና ፗዮ» ትላለህ፤ «እየዘነበ ነው መሰል»። በዚህኛው ራስህ በቀመስኸው ነገር ላይ መናገር አይቻልም። ምግብ ቤት በር ላይ ሰልፍ አይተህ «ይጣፍጣል መሰል» ማለት ያስኬዳል፤ በልተህ ስትወጣ ብትለው ግን ያስቅብሃል። የእኛም «መሰል» ያው ነው።

«ካትታ» ግን በልቶም ይባላል። የጣፈጠው ሰው «የሚጣፍጥ ይመስላል» ይላል፤ ለትሕትና። ኮሪያ ውስጥ በዚህ የሚበሳጩ ቋንቋ ጠባቂዎች አሉ፤ ሰው በገዛ ስሜቱ ላይ እንዴት «ደስ ያለኝ ይመስላል» ይላል ባይ ናቸው። እኔም በበኩሌ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ደስታን መገመት ደግሞ ምን ይሉታል?

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ካትታ» የመሰለው ለማን እንደሆነ አይናገርም። አማርኛ ግን ያስገድድሃል፤ ወይ «ይመስላል» ትላለህ፣ ወይ «ይመስለኛል»፣ ወይ «ይመስለዋል»። የመጨረሻዋ መርዝ አለባት። «የሚያውቅ ይመስለዋል» ያልነው ሰው፣ አያውቅም ማለታችን ነው።

ይህች መርዝ በአንድ ቅዳሜ ልጅቷን ስታስጨንቃት አይቻለሁ። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት የቃኘው ዘማች ናቸው። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነስቶ ፑሳን የወረደው ጦር ነው፤ 121 ሰው ሞቶበታል። ከሟቾቹ አንዱ የአዛውንቱ የልብ ጓደኛ ነበር። ያን ቀን የኢትዮጵያውያን መታሰቢያ ከቆመባት ከቹንቸን ከተማ አንድ ወጣት ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ የእህቴ ልጅ ልታስተረጉም ተቀመጠች። እንግዳው በኋቸን በኩል ያሉ ተራሮችን ፎቶግራፍ ይዞ ነበር። አዛውንቱ አንዱን አነሱ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፤ ከዚያ በጣታቸው አንድ ሸንተረር ላይ ጠቆሙና፣

«ጠይቂልኝ እስቲ፣ የቆሰለበት ቦታ ይኼ ነው?» አሉ።

ልጁ ፎቶግራፉን አዙሮ ከበስተጀርባው የተጻፈውን አነበበ፤ ካርታም አወጣ። ቆይቶ «የጊን ገት ካታዮ» አለ።

ልጅቷ ዝም አለች። «እዚህ ይመስላል» ብትል፣ ተራራ ከተራራ ተመሳሰለ ማለት ይሆናል። «እዚህ ይመስለዋል» ብትል እንግዳውን ማቃለል ነው። ደግሞስ ልጁ አላወቀ ይሆን ወይስ አውቆ ሽማግሌ ፊት «ነው» ማለት ነውር ሆኖበት? ሁለቱንም ያው «ካታዮ» ነው የሚያለብሳቸው። እናቷ ከጀበናው አጠገብ ሆና፣

«ነው በያቸዋ! ምን አለበት?» ብላ በሹክሹክታ ገፋፋቻት።

ምን አለበት? እኔም ልቤ ወደ እናትየው አዘንብሎ ነበር። ዘጠና ላለፉ ሰው አንዲት «ነው» ምን ትጎዳለች? ልጅቷ ግን ቀና ብላ፣

«አባባ፣ እዚህ ሳይሆን አይቀርም ይላል» አለቻቸው።

አዛውንቱ ሳቁ። «ሳይሆን አይቀርም። እኔስ የነበርኩት መቼ ነው ይቺን ያህል ደፍሬ የምናገረው? ይመስለኛል ነው የምለው። ሌሊት ነበር፤ ጭስም ነበር። ንገሪው፣ ይመስለኛል ብለዋል በይው።»

እሷም ወደ እንግዳው ዞረች። «ካታዮ» ብቻውን «ለእኔ» የምትለዋን አይዝም፤ ስለዚህ ከፊቱ «ሃራበጂ ሴንጋጌን» የሚል ጨመረችበት፤ «በአባባ አሳብ» ማለት ነው። ልጁ በሁለት እጁ ፎቶግራፉን መልሶ ሰጣቸውና ይያዙት አለ። አሁን ከሜዳሊያቸው አጠገብ ተሰቅሏል።