የባለጊዜ ልጅና የሮክ ዘፈን

በዲሴምበር 1968 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ተከታዮቹም ዓመታት እንዲሁ) ኒው ዮርክ ላይ የተደገሰው ሠርግ ሁለት የፕሬዚዳንት ቤቶችን ያጋመደ ነበር። ሙሽራው የድዋይት አይዘንሃወር የልጅ ልጅ፣ ሙሽሪት የሪቻርድ ኒክሰን ልጅ። በዚያው ወራት የሠራተኛውና የጥቁሩ ልጅ ለውትድርና እየተመለመለ ወደ ቬትናም ይጋዝ ነበር። የኮሌጅ ትምህርት ለጊዜው ከምልመላው ያስቀር ስለነበር፣ አቅሙ ያለው ወላጅ ልጁን በቤተ መጻሕፍት ጥላ ሥር ያሳርፋል። ጆን ፎገርቲ «ፎርቹኔት ሰን» የተባለውን ዘፈን በ1969 ሲደርስ የእነዚያ ሙሽሮች ነገር በሐሳቡ እንደነበረ ራሱ ተናግሯል። ደራሲው በሠራዊቱ ተጠባባቂ ክፍል አገልግሎ የተሰናበተ በመሆኑ፣ ቁጣው በሩቅ ከተሰማ ወሬ የተቀዳ አልነበረም። (ያ ሙሽራም ኋላ በባሕር ኃይል ተጠባባቂነት ማገልገሉ ሊዘነጋ አይገባም፤ ዘፈኑ ግን የከሰሰው ግለሰቡን ሳይሆን ሥርዓቱን ነው።)

ይህ ከታች ወደ ላይ የተወረወረ ክስ ነው። ነገሩ የሚከብደው ዘፋኙ ራሱ ቅምጥሉን ሆኖ ሲገኝ ነው።

ጃኒስ ጆፕሊን በቴክሳስ የነዳጅ ማጣሪያ ከተማ ከመሐንዲስ አባት የተወለደች ነበረች። ኦክቶበር 1 ቀን 1970 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያለ አንዳች የሙዚቃ መሣሪያ «መርሴዲስ ቤንዝ» የተሰኘውን ዘፈን አስቀዳች። ዘፈኑ ጸሎት ነው፤ ፈጣሪን መኪና የሚለምን ጸሎት። ቅኔ የለመደ ጆሮ ሰምና ወርቁን ለመለየት አይቸገርም፤ ሰሙ ልመና፣ ወርቁ በንዋይ አምላኪው ላይ መሳለቅ። ይሁንና ዘፋኟ ራሷ የምትነዳው ዙሪያውን በኅብረ ቀለም የተዥጎረጎረ ፖርሽ ነበር። ይህን ግብዝነት ነው የሚሉ ይኖራሉ። ፍርዱ ግን የቸኮለ ነው፤ ያ ሣቅ እርሷንም አልማረምና። ዘፈኑን ባስቀዳች በሦስተኛው ቀን ሄሮይን ገደላት፤ የሞተችው በሆቴል ክፍል ብቻዋን፣ በ27 ዓመቷ ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ጆ ዋልሽ የሮከኛን የተንዛዛ ኑሮ «ላይፍስ ቢን ጉድ» በሚለው ዘፈኑ አፌዘበት። በዚያው ዓመት የ«ዘ ሁ» ከበሮ መቺ ኪዝ ሙን ከመጠጥ እንዲያላቅቀው የታዘዘለትን መድኃኒት ከልክ በላይ ወስዶ በ32 ዓመቱ ሞተ።

የቀረው ታሪክ የነጋዴው ነው። በ1995 የመኪናው ፋብሪካ የጆፕሊንን ዘፈን ለማስታወቂያው አዋለው፤ ሰሙን ወሰደ፣ ወርቁን ተወ። ባለ ኅብረ ቀለሙ ፖርሽ ደግሞ በ2015 በጨረታ 1.76 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የፎገርቲም ዘፈን አላመለጠም፤ የጂንስ ሱሪ ማሻሻጫ ሲሆን የባለቤትነት መብቱ በእጁ ስላልነበረ ደራሲው ከመቃወም በቀር ሊያስቆመው አልቻለም። የዘፈኖቹን አብላጫ መብት የጨበጠው በ2023 ነበር። ያ ቁጡ ወጣት 77 ዓመት ሞልቶት ነበር።