ደርሷል የሚባለው መቼ ነው?

በተማሪ መጽሔት ላይ ስለ አገር ዕድገትና ስለ ወጣቱ ኀላፊነት ብዙ ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከዚያ ያነሰ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ ያላጣ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ይኸውም አንድ ሰው ለፈተና መድረሱን በምን ያውቃል? የሚለው ጥያቄ ነው። የእኔ ፈተና በንግድ ሥራ አመራር ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያስገባው ነበረ። ዘንድሮ የምትመረቁ ሁሉ ነገ ይኸው ጥያቄ ደጃችሁ ላይ ይቆማልና የእኔን ስሕተት አስቀድማችሁ ብትሰሙት አይከፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በሒሳብ አያያዝ ከጨረስሁ በኋላ ወደ አገሬ ወደ ቦረና ተመለስሁ። ቦረና ስል የደቡቡን ሳይሆን የወሎውን፤ የመካነ ሰላሙን ማለቴ ነው። መካነ ሰላም ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደጋውን ሲያቋርጥ የዋለ መንገደኛ የሚደርስባት ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ ምድሩ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካም ከዚያው አቅራቢያ ነው። ስሙ ለተማሪ ባያምርም በዚያ ወራት እኔን በደንብ የሚገልጸኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ወላጆቼ የሚኖሩት ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ የገጠር መንደር ነው።

እንደምታውቁት ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው አገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና መውሰድ አለበት። ፈተናው ያጠናነውን የሒሳብ መዝገብ አይጠይቅም። የእንግሊዝኛ ንባብና ቃላት፣ የቁጥር ስሌት፣ ነገርን ከነገር እያገናዘቡ መደምደም፤ እነዚህን ነው የሚመረምረው። ስለዚህ ‹‹ምዕራፉን ጨርሻለሁ›› ብሎ ልብን ማሳረፍ አይቻልም፤ የሚጨረስ ምዕራፍ የለውምና።

እኔም ማጥናት ጀመርሁ። ከደሴ አንድ ጓደኛዬ የላከልኝን የጥያቄ ወረቀት ከነመልሱ ይዤ ከቤታችን ጓሮ እቀመጣለሁ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔትም የሚቋረጥበት ሰሞን ስለ ነበረ ከወረቀት በቀር መምህር አልነበረኝም። የስሌቱን ጥያቄ አነባለሁ፤ መልሱን አያለሁ፤ ‹‹አዎን፤ ይኸንንማ አውቀዋለሁ›› እላለሁ። የእንግሊዝኛው ንባብ ሲመጣ ግን ገጹን ገልጬ አልፈዋለሁ። ማታ ማታ ብዙ የሠራ ሰው መስዬ እተኛለሁ።

የምዝገባው ማስታወቂያ ሲወጣ ግን ልቤ ከዳኝ። ‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ዙር ይሻለኛል›› አልሁ። ዙሩ አለፈ። በዚያው ሰሞን በከተማው ከሚገኝ የቁጠባና ብድር ቤት የገንዘብ ያዥነት ሥራ ተገኝቶልኝ ነበር። ‹‹ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነው›› ብዬ እርሱንም ተውሁት። አባቴ ምንም አልተናገረም። የገበሬ አባት ዝምታ ምን ማለት እንደ ሆነ ከገጠር የመጣችሁ ታውቁታላችሁ።

የተናገረችው እኅቴ ናት። በዚያን ጊዜ 12ኛ ክፍል ነበረች። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች በከተማው ቤት ተከራይታ፣ ዐርብ ማታ ቤት መጥታ፣ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ለሁለት ሰው በምትጠብብ ክፍል ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር ነበር የምታድረው፤ ከዚያ የተሻለ ለመከራየት ገንዘብ አልነበረንም። አንድ እሑድ ስንቋን እያሸከምኋት ሳለ ‹‹ወንድምዬ፤ አንተ የምትፈተነው መቼ ነው?›› አለችኝ። ‹‹ስደርስ ነዋ!›› አልኋት። ‹‹የእኔስ ቀኑ ታውቋል፤ ደረስሁም አልደረስሁም ያው ነው። ያንተን ቀን ግን የሚያውቀው የለም›› ብላ ሄደች።

ይህ ቃል ከማንኛውም ተግሣጽ ይበልጥ ወጋኝ። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። እኅቴም ይህን ቁጥር እየሰማች ያደገች ናት፤ ሆኖም ቀኗን ማንቀሳቀስ አትችልም። እኔ ግን ቀኔን እመርጥ ዘንድ ነጻነት ተሰጥቶኝ ነጻነቱን መሸሻ አደረግሁት። የተውሁት ደመወዝም ቢያንስ ለእርሷ የሰፋ ክፍል ይሆን እንደ ነበረ ያን ዕለት ነው የገባኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አጎቴ ገብሳቸውን ለማጨድ ደቦ ሊጠሩ አስበው ‹‹ና እስቲ ሰብሉን እንየው›› አሉኝ። ኅዳር ነበር። እኔ ከማሳው መካከል ወርቅ የመሰለ ዛላ ቀጥፌ ‹‹ጋሼ፤ ደርሷል እኮ!›› አልኋቸው። ሳቁ። ‹‹ያማረውንማ ማን ያጣዋል?›› ብለው ፀሐይ ዘግይቶ ወደሚነካው ወደ ባሕር ዛፉ ጥግ ሄዱ። ከዚያም አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹት፤ ገለባውን እፍ ብለው አንዲቱን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሯት። ‹‹ጥርስ ካስገባ ገና እሸት ነው፤ ቀጭ ካለ ደርሷል። ይኸኛው መካከል ላይ ነው›› አሉኝ።

‹‹ታዲያ ደቦው ይቆይ?›› ብዬ ጠየቅኋቸው።

‹‹ለጥላው ጥግ ብዬ? የጥላው ጥግ መቼም ቢሆን እንደ መካከሉ አይሆንም። እርሱን ስጠብቅ መካከሉ ይረግፍብኛል። ደቦውን ለማክሰኞ ሳምንት እጠራለሁ፤ ጠላውም ዛሬ ይጠነሰሳል። እስከዚያ ይህ ጥግ ትንሽ ከጠጠረ ይበቃኛል።››

እኔ የንግድ ሥራ ምሩቅ ነኝ። ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ሙሉ ኮርስ ተምሬ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ነገር ግን ከዚያ ማሳ ላይ የሰማሁትን ያህል የጠራ ትምህርት አላስታውስም። እኔ ሁለት ስሕተት በአንድ ጊዜ ስሠራ ነበር። ስለካ የምለካው ያማረውን ዛላ፣ ማለት ስሌቱን ነበር፤ ስፈራ ደግሞ የጥላው ጥግ፣ ማለት እንግሊዝኛው፣ እንደ ስሌቱ እስኪሆን እጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ሳይደርሱ ደርሻለሁ ያሰኛል፤ ሁለተኛው ደርሰውም አልደረስሁም ያሰኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን ለወጥሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ አይቼው የማላውቀውን 60 ጥያቄ አወጣለሁ፤ ከመካከሉ 20ው የእንግሊዝኛ ነው። መልሱን ለእናቴ ሰጥቼ በሞሶብ ሥር አስደብቃታለሁ። የስልኬን ሰዓት ሞልቼ ሰዓቱ እስኪጮህ ከመቀመጫዬ አልነሣም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ያገኘሁት 27 ነበር፤ ከእንግሊዝኛው 6 ብቻ። ወራት ሙሉ ‹‹አውቀዋለሁ›› ስለው የነበረው ሁሉ ሰዓት ፊት ሲቆም ግማሽ እንኳ አልሆነም።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አውጥተዋል። አንዱን የተማሪዎች ቡድን አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ አስነበቡት፤ ሌላውን አንድ ጊዜ ብቻ አስነብበው ሦስት ጊዜ ያለ ወረቀቱ እንዲያስታውስ ፈተኑት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ አራት ጊዜ ያነበቡት በለጡ፤ በዕውቀታቸውም ይበልጥ የተማመኑት እነርሱ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ግን እነርሱ ያስታወሱት 40 ከመቶ ገደማ ሲሆን ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶ አስታወሱ። እንግዲህ ‹‹አውቀዋለሁ›› የሚለው ስሜት ምስክርነቱ የማይታመን ነው። ‹‹አላውቅም›› የሚለው ፍርሃትም እንዲሁ። ሁለቱንም ትቶ ፍሬዋን በጥርስ መስበር ይሻላል።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች 36፣ 33 እና 38 አስገኙልኝ። የቀድሞው እኔ 38ቱን ይዞ ይፎክር ነበር። አሁን ግን 33ቱን ያዝሁ፤ ምክንያቱም በፈተናው ዕለት የራስ ምታት ቢይዘኝ፣ መኪና ቢዘገይ፣ ኮምፒዩተሩ ቢያስቸግረኝ፣ የሚቀርልኝ እርሱ ነውና። 33ቱም ከማለፊያው እንደማያንስ ገመትሁ። እንግሊዝኛዬ ከ6 ተነሥቶ 9፣ ቀጥሎ 10፣ በመጨረሻም 11 ደርሶ በዚያው ቆመ። አንድ ሳምንት ሙሉ ተለፍቶ የሚጨመረው አንድ ጥያቄ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ መጠበቅ ዝግጅት መሆኑ ቀርቶ መካከሉን ማርገፍ ነው። ያን ቅዳሜ ማታ ‹‹በሚቀጥለው ዙር እመዘገባለሁ›› ብዬ ለአባቴ ነገርሁት። ከተናገርሁ በኋላ ወደ ኋላ ማለት አልተቻለኝም፤ ጠላው ተጠንስሷልና!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማከል እፈልጋለሁ። በባሕር ማዶ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ለመግባት የሚወሰደው ጂማት የተባለው ፈተና በ1953 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች ተሰብስበው ካሰቡት ሐሳብ የተወለደ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ከታደሰ ወዲህ 64 ጥያቄ በ135 ደቂቃ ይጠይቃል፤ ማለት ለአንዱ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል። በዚያ ፈተና ያሰበውን ነጥብ ያላገኘ ሰው ክፍያውን ከቻለ ከ16 ቀን በኋላ ተመልሶ መቀመጥ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ‹‹ሞክረህ እየው›› የሚለው ምክር ይስማማዋል። የእኛ ሁኔታ ግን ሌላ ነው፤ ዙሩ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፤ የመኪናው፣ የአልጋው፣ የመመዝገቢያው ገንዘብ የአንድ በግ ዋጋ ነው። ስለዚህ ‹‹ዝም ብለህ ግባ›› ብዬ አልመክርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነገር ግን የመውደቅን ዋጋ ስታሰሉ የመቆየትንም ዋጋ በሌላው ዐምድ ጻፉ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና አንድ ዐምድ ብቻ ያለው መዝገብ አይጥመኝም። የመቆየትን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ራሱ ተፈታኙ ሳይሆን ከጎኑ ያለው ሰው ነው። የእኔን የከፈለችው እኅቴ ናት።

በግ ተሸጠ፤ ደሴ ወረድሁ፤ ተፈተንሁ። እንግሊዝኛው እንደ ፈራሁት ከበደኝ። ጊዜ ሳያልቅብኝ የማላውቀውን ዘልዬ ወደማውቀው እንድሄድ ያስተማሩኝ እነዚያ ቅዳሜዎች ነበሩ። ውጤቱ ሲመጣ ማለፊያው ከሚጠይቀው በአምስት ከመቶ በልጦ አገኘሁት። የሚያስጨፍር ውጤት አይደለም፤ ግን በሩን ከፈተልኝ፤ ይኸው አሁን ከእናንተ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ነኝ።

አጎቴም ገብሳቸውን በቀጠሩት ማክሰኞ አሳጨዱ። ከባሕር ዛፉ ሥር የነበረው ከፊሉ አልጠጠረም ነበር፤ ሴቶቹ ለብቻው አድርገው ለቆሎ ቆሉት። እኔም ከዚያው ቆሎ እየበላሁ ‹‹ጋሼ፤ ይህ ጥግ ሳይደርስ ታጨደ›› ብዬ ቀለድሁባቸው። ‹‹አዎን፤ የቀረው ግን ጎተራ ገብቷል›› አሉኝ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ‹‹ደርሻለሁ ወይ?›› ብላችሁ ልባችሁን አትጠይቁ፤ ልብ አንድ ቀን ይኮራል፤ አንድ ቀን ይፈራል። ሰዓት ያዙ፤ ከደካማው ጥግ ዛላ ቅጠፉ፤ ከሦስት ዝቅተኛውን ያዙ። እርሱ ከበቃችሁ ቀኑን ለቤተ ሰባችሁ ተናገሩ። ካልበቃችሁም ስንት ሳምንት እንደሚቀራችሁ ተናገሩ። ከጎናችሁ ስንቋን ተሸክማ የምትሄድ እኅት ቢያንስ ቀኑን የማወቅ መብት አላት።