ድፍን እና ሙሉ

እንግሊዝኛ «ኦል»፣ «ሆል»፣ «ቶታል» እያለ እንደሚያፈራርቀው፣ አማርኛችንም ሁሉ፣ ሙሉ፣ ጠቅላላ፣ ድፍን የሚሉ ቃላት አሉት። ተቀራራቢ እንጂ አንድ አይደሉም። «ሙሉ» ሞላ ከሚለው ግስ፣ «ጠቅላላ» ከጠቀለለ፣ «ድፍን» ደግሞ ከደፈነ የወጡ ናቸው። የሞላ ነገር ጉድለት የለበትም፤ የተደፈነ ነገር ግን መተንፈሻ የለውም።

ይህንኑ በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ወር ሳስተምር አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣ። የግንቦቱ ምርጫ ውጤት በሰው ሁሉ አፍ ነበር፤ ከ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 500ውን ይዞ፣ አጋሮቹ ሌሎቹን ሲካፈሉ፣ ለተቃዋሚ አንድም አልተረፈም።

«መምህር፣ መቶ በመቶ ሲባል ሙሉ ነው ወይስ ድፍን?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም «ወደ መልመጃው እንመለስ» ብዬ አለፍኩት።

መልሱን እርሱም እኔም እናውቀው ነበር። መቀመጫው ሁሉ ተይዟል፤ ምክር ቤቱ ግን ሙሉ አልነበረም። በምክር ቤት ያልተሰማው ድምፅ በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች አደባባይ ወጣ፤ ብዙ ሕይወትም ጠፋ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢሕአዴግ ራሱ በ2012 ዓ.ም. ከስሟል።

የምኖረው ልደታ ነው። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር፣ እውነት ሊናገሩ የሚምሉ ምስክሮችን አስባለሁ። እኔ መሐላ እንኳ ሳልጠየቅ፣ በገዛ ክፍሌ፣ ለአንድ ወጣት ጥያቄ አፌን ደፍኛለሁ።

ያ ተማሪ ይህን ካነበበ፣ መልሴ ዘግይቶም ቢሆን ይኸው፦ ድፍን ነበር።