በገና ሰሞን አስፈሪ ፊልም ይታያል?

የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ሲውል እኛ ጾም ላይ ነን። በዲሽና በስልክ የሚገባው የገና ፊልም ግን የእኛን በዓል አይጠብቅም፤ ከቀዩ ኮፍያና ከበረዶው መሃል ደግሞ ደም የሚፈስበትም አለ። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ወደ ጊንጪ የመጣው የ17 ዓመት የልጅ ልጄ ከእነዚህ አንዱን በፍላሽ ይዞ መጣ። እናቱ «በበዓል ምድር!» ብላ ተቆጣች። እኔ ግን ሳላይ አልፈርድም ብዬ ትንንሾቹ ከተኙ በኋላ አብሬው ተቀመጥኩ።

ፊልሙ «ብላክ ክሪስማስ» ይባላል። ቦብ ክላርክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 ካናዳ ውስጥ በጥቂት ገንዘብ የሠራው ነው። ሴት ተማሪዎች በጋራ የሚኖሩበት ቤት አለ። ልጆቹ ለገና ወደየቤታቸው ሊሄዱ ሲሰናዱ አንድ ሰው ግድግዳ ቧጦ ይገባና ከኮርኒሱ በላይ ይደበቃል። ከዚያ ስልክ ይጮሃል፤ ሲያነሱት የሚሰማው ነውርና ማቃሰት ነው። የገንዘቡ ማነስ ፊልሙን የጎዳው አይመስለኝም፤ እንዲያውም ጠቅሞታል። የገዳዩ ፊት በደንብ አይታይም፤ ከጨለማ የምታፈጥ አንዲት ዓይን ብቻ ናት። ካሜራው በገዳዩ ዓይን እያየ ሲሄድ እኔ አሮጊቷ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ነበር።

ያስጨነቀኝ ግን ገዳዩ ሳይሆን አባትየው ነው። ልጁን ለበዓል ሊወስድ መጥቶ በቀጠሯቸው ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። ልጅቱ በላስቲክ ታፍና ሞታ እዚያው ቤት ጣሪያ ሥር ተቀምጣለች። ጓደኞቿን ይጠይቃል፣ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ፊልሙ እስኪያልቅ ልጁን የሚያገኝለት የለም። ልጁን ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ልኮ፣ ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ስልኩን ታቅፎ ያደረ የእኛ አገር ወላጅ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። የልጅ ልጄ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሲደነግጥ እኔ ያን ሰውዬ እያየሁ አለቀስኩ። «አኮ፣ ይሄ እኮ የሚያስለቅስ ፊልም አይደለም» አለኝ።

ስለዚህ ለትልቅ ሰው ይታያል እላለሁ፤ ለትንንሾቹ አይሆንም። የ17 ዓመት ልጅ ሲደነግጥ ልቡ ይመታል፣ እጁን ያልበዋል፣ ወዲያው ደግሞ ይስቃል። የስድስት ዓመት እህቱ ግን ያ ሰው ከእኛ ኮርኒስ በላይ እንደሌለ በምን ታውቃለች? ጤና ጣቢያ ስሠራ ሌሊት እየጮኸ የሚነሳ ልጅ ይዘው «ለክፎት ነው» ብለው የሚመጡ ነበሩ። ትኩሳቱን ከለካሁ በኋላ «ትናንት ማታ ምን አይቶ ተኛ?» እላቸው ነበር። ቅዠት ያየ ልጅ ነቅቶ ያስታውሰዋል፤ አቅፎ ማስወራት ነው። ዓይኑን ገልጦ እየጮኸ የማያውቃችሁ ከሆነ ግን ገና አልነቃም። አትነቅንቁት፣ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት፤ ጠዋት አብዛኛውን ጊዜ ትዝ አይለውም።

«እናንተስ ልጆችን በጭራቅና በአያ ጅቦ አላሳደጋችሁም?» ይለኛል ልጁ። አሳድገናል። ነገር ግን ተረት የምትነግረው አያት እሳት ዳር ተቀምጣ የልጁን ፊት ታያለች፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጅቡን ቶሎ ገደል ትከተዋለች። ፊልም ማን እያየው እንደሆነ አያውቅም።

ያው ቦብ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1983 «ኤ ክሪስማስ ስቶሪ» የሚል ፊልም ሠርቷል፤ ለገና የአየር ጠመንጃ እንዲሰጠው ስለሚመኝ ልጅ ነው። ከልጆች ጋር የሚታየው እሱ ነው።

«ሳይለንት ናይት፣ ዴድሊ ናይት» የሚባለውን ግን ለማንም አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወጣ የአሜሪካ ወላጆች የገና አባት መጥረቢያ ይዞ በማስታወቂያ አይተው ተቃወሙ፤ አከፋፋዩም ብዙ ሳይቆይ ከሲኒማ ቤቶች አነሳው። እኔን ያስቆጣኝ መጥረቢያው አይደለም። የገና አባት ልብስ የለበሰ ሰው ወላጆቹን ሲገድል ያየ ሕፃን አድጎ እሱም ነፍሰ ገዳይ ይሆናል፤ ሌላ ዕጣ ያለው አይመስልም። ግማሹ ላይ ዘጋሁት። ቤተሰባቸው ሲሞት ያዩ ልጆች በሥራዬ ገጥመውኛል። እንቅልፍ ያጡ፣ ዝም የሚሉ፣ ሰው ሲነካቸው የሚበረግጉ ነበሩ። አንዱ ዛሬ አናጢ ነው፤ የቤቴን በር የሠራልኝ እሱ ነው።