ራውተራችን ሞቶ የሰነበተበት ሳምንት

የቤታችን ራውተር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከእማዬ የስኒ መደርደሪያ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ነጭ ነው፣ ሁለት አንቴና አለው፣ ቲፒ ሊንክ 841 ይባላል፤ እዚህ ናይሮቢ በብዙ ቤት የሚታይ ዓይነት ነው። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ከመጥረግ በቀር ማንም አይነካውም ነበር። በሁለተኛው ተርም መጨረሻ ግን እኛ እህትና ወንድም፣ አንዳችን የአሥረኛ፣ አንዳችን የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ነካነው።

የነካነው ለክፉ አልነበረም። አክስታችን ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። የምትደውለው ዓርብ ማታ ነው፣ እሱም አሠሪዋ ከፈቀደችላት። እማዬ ገንዘብ እንዳይባክን የስልኳን ዳታ ዘግታ በዋይፋይ ብቻ ስለምትጠቀም፣ የአክስታችን ድምፅ ወደ ቤታችን የሚገባው በዚያች ነጭ ሳጥን በኩል ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በዚያው ሰዓት ቪዲዮ እናወርዳለን። መስመሩ በቪዲዮ ሲሞላ የጥሪው ድምፅ ከኋላ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ይቆራረጣል። «እትዬ፣ ይሰማሻል? እትዬ?» ትላለች አክስታችን። እማዬ በእጇ «ዝጉት!» ትለናለች። እኛም «እሺ» ብለን ሁለት ደቂቃ እንቆያለን። (ይህን ስንጽፍ አፍረናል።)

ታዲያ አንድ ቀን መፍትሔ ያገኘን መሰለን። በራውተር ውስጥ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ፈርምዌር የሚባል ፕሮግራም አለ። የፋብሪካውን አጥፍቶ ሌላ ሰዎች የሠሩትን መጫን ይቻላል። ይህ የተጀመረው ሊንክሲስ የተባለው ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. የአንድ ራውተሩን የፕሮግራም ጽሑፍ ለሕዝብ ይፋ ካደረገ በኋላ ነው፤ በዓመቱ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ኦፕን ደብሊው አር ቲ የሚባለው ነፃ ፈርምዌር ተጀመረ። ከሚሰጠው ነገር አንዱ ሰልፉን ማስተካከል ነው፤ ቪዲዮው መስመሩን ቢሞላውም የጥሪው ድምፅ እንዲያልፍ ያደርጋል። የአክስታችን ጥሪ ተፈታ አልን።

ለራሳችን የሰጠነው ሌላም ምክንያት ነበር። በ2018 ቪፒኤን ፊልተር የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 የሚሆኑ የቤትና የትንንሽ ቢሮ መሣሪያዎችን፣ አብዛኞቹን ራውተሮች፣ እንደያዘ አንብበን ነበር። ያረጀና የማይታደስ ፈርምዌር እውነትም አደጋ አለው። ያላስተዋልነው አዲሱ ፈርምዌር ለእኛ ሳጥን የማይበቃ መሆኑን ነው። የእኛ 841 ዘጠነኛው ስሪት ነው፤ ማከማቻው 4 ሜጋባይት፣ የሥራ ማስታወሻው 32 ሜጋባይት ብቻ። ለእንዲህ ያለ ጠባብ መሣሪያ የተዘጋጀው የመጨረሻው ተከታታይ 19.07 ነው፣ እሱም ከ2022 ወዲህ እድሳት አይደረግለትም። ስለዚህ ያረጀውን አውጥተን ሌላ ያረጀ ልናስገባ ነበር። ሰልፍ የሚያስተካክለውን ክፍል ለመጨመር ደግሞ ቦታ የለውም። ይህ ሁሉ ተጽፎ ነበር። እኛ ግን «እንዴት ይጫናል» የሚለውን እንጂ «በምን ላይ አይጫንም» የሚለውን አላነበብንም።

ሐሙስ ማታ እማዬ ስትተኛ ጀመርን። ፋይሉ ትክክለኛ ነበር፣ የስሪቱን ቁጥር ከሳጥኑ ሆድ ሥር ሁለት ጊዜ አንብበናል። ላፕቶፑንም እንደተመከረው በኬብል አገናኘን። ፋይሉን መረጥን፣ ተጫንን። መስመሯ መሙላት ጀመረች። ከዚያ ቤቱ ጨለመ።

የመብራት ቆጣሪያችን ቅድመ ክፍያ ነው፤ ቶክን ይገዛል፣ ሃያ አሃዝ ይሞላል። ሊያልቅ ሲል ይጮሃል። ሁለት ቀን ሲጮህ ነበር! ድምፁን ስለለመድነው አልሰማነውም። ላፕቶፑ በባትሪው ስለሚሠራ በጨለማው ውስጥ ብቻውን እያበራ ነበር፤ መስመሯ ግማሽ ላይ ቆማለች። በፈርምዌር መጫን ላይ ከሁሉ የከፋው ነገር ይህ ነው፤ አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ ሳያልቅ ኃይል ሲቋረጥ ሳጥኑ ግማሽ ፕሮግራም ይዞ ይቀራል። በማግሥቱ ቶክን ተሞልቶ መብራት ሲመጣ ራውተሩ አንዲት መብራት አብርቶ ዝም አለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደናል። እማዬ ጠዋት «ዋይፋዩ ምን ሆነ?» አለች። «መስመሩ ይሆናል» አልናት። ኢንተርኔት ወደሚያቀርበው ድርጅት ደውላ አርባ ደቂቃ ያህል ከአንዲት ልጅ ጋር ተከራከረች። ልጅቷ «ከእኛ በኩል ደህና ነው» ትላለች፣ እማዬ «እንዴት ደህና ይሆናል፣ የከፈልኩት እኮ ነው!» ትላለች። እኛ ምሳ ዕቃ ሳህን እያጠብን እንሰማለን። ሁለታችንም አልተናገርንም።

ዓርብ ማታ እማዬ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ዳታ ክፈቺ ልንላት እንችል ነበር፤ ያን ብንል ግን ራውተሩ ቶሎ እንደማይመለስ ማወቃችን ይታወቃል ብለን ፈራን። አራት ሰዓት ሲሆን «ዛሬ አልፈቀዱላትም ማለት ነው» አለችና ገብታ ተኛች።

ቅዳሜ ሳጥኑን በቦርሳ ይዘን ሉቱሊ ጎዳና ወዳለ አንድ ፈንዲ ሄድን። እዚህ ጠጋኝን ፈንዲ ነው የምንለው። አይቶ ሳቀ። አልሞተም አለን። ፈርምዌሩ ቢበላሽም መሣሪያውን የሚያስነሳው ትንሹ ፕሮግራም ለብቻው የተቀመጠ ስለሆነ አልተነካም። የላፕቶፑን አድራሻ 192.168.0.66 አድርጎ፣ ሳጥኑ በሚፈልገው ስም የተሰየመ ፋይል አዘጋጅቶ፣ የሪሴቱን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ሲያበሩት፣ ሳጥኑ ራሱ መጥቶ ፋይሉን ይወስዳል። የፋይሉ ስም በአንዲት ፊደል ቢሳሳት አይወስድም። በፋብሪካው ፋይል ስም ላይ «ቡት» የሚል ቃል ካለበት ደግሞ የማስነሻው ፕሮግራም አብሮ ስላለበት ከፊቱ 131,584 ባይት መቆረጥ አለበት፤ ሳይቆረጥ ከገባ አይነሳም። ፈንዲው ይህን በአምስት ደቂቃ ሠራው። አምስት መቶ ሽልንግ ከፈልን፣ የሁለታችን የታክሲ ገንዘብ ነበር፣ በእግር ተመለስን።

ደስ ብሎን ሰካነው። መብራቶቹ ሁሉ በሩ። ኢንተርኔት ግን የለም።

ያሰብነው ነገር አልነበረም፤ ለካስ ሳጥኑ ድርጅቱ የሰጠውን የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይዞ ኖሯል፤ ሁሉ ሲጠፋ እነሱም ጠፍተዋል። ከመጀመራችን በፊት ቅንብሩን በፋይል ማስቀረት ወይም በወረቀት መጻፍ ነበረብን። ስሙና ቃሉ የሚገኘው ከድርጅቱ ነው፣ ድርጅቱም የሚያናግረው ባለውሏን እማዬን ነው። ስለዚህ ነገርናት። መጀመሪያ ምንም አላለችም። ቀጥሎ የጠየቀችን አንድ ነገር ነው፦ «ያቺ ልጅ ላይ ስጮህ እያወቃችሁ ነበር?»

ያን ለት ደውላ ይቅርታ ጠየቀች። ስሙንና ቃሉን ጻፍን፤ ወረቀቱ አሁን በመደርደሪያው ጀርባ ተለጥፏል። የፋብሪካው ፈርምዌር ሲመለስ ገጹን ቁጭ ብለን መረመርነው፤ ለእያንዳንዱ ስልክ የኢንተርኔት ድርሻ የሚመድብ ክፍል ገና ከመጀመሪያው እዚያው ነበር። የእኛን ቀነስነው። እንደ ኦፕን ደብሊው አር ቲ አይራቀቅም፣ ለአንድ ጥሪ ግን ይበቃል።

አክስታችን በሚቀጥለው ዓርብ አልደወለችም። በሦስተኛው ዓርብ ደወለች፣ ድምፁም አልተቆራረጠም። ስትደውል አጥታን እንደነበር፣ ክፉ ነገር ደርሶብን ይሆናል ብላ እንዳልተኛች ነገረችን። «እትዬ፣ ምን ሆናችሁ ነበር?» አለች።

እማዬ ወደ እኛ ተመለከተች።

«መብራት ጠፍቶ ነው» አለቻት።